የሲስተር ዚነት ከማሉዲን ኅልፈትንና በቀብራቸው ላይ የተሰማውን ሳቅ በተመለከተ ከሆርማት ዳር ቅሬ የተሰጠ ቃል

ብዕሩን የያዘው የቅሬያችን ጸሐፊ መምህር ዋሲሁን ጌታሁን ነው። ቃሉ ግን የእኔ፣ የቅሬው ዳኛ የፈንታው ይመር ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምለውን ግን አውቃለሁ። መምህር ዋሲሁን ለቅሬያችን ሠላሳ ያህል የሀዘን መግለጫ ጽፏል። ሁሉም አንድ ናቸው፤ የሟቹን ስም ብቻ ይቀይራል። ይህኛው እንደዚያ አይሆንም ብዬዋለሁ። እንዳልኩት ሊጽፍ በአባላት ፊት ቃል ገብቷል።

የሆርማት ዳር የሙስሊምና የክርስቲያን የጋራ የቀብር ዕድር፣ ቅሬያችን፣ አባሉ የነበሩት የአእምሮ ህክምና ነርስ ሲስተር ዚነት ከማሉዲን ረቡዕ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን የሚያስታውቀው በከባድ ሀዘን ነው። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። የገደላቸው ወባ ነው። ወባው ወደ ጭንቅላታቸው ወጥቶ ሁለት ቀን አስቃዣቸው። በሦስተኛው ቀን ወደ ወልድያ ሲወሰዱ ሮቢት ላይ ዝም አሉ፣ ጎብዬ ላይ አረፉ። በዚያው ዕለት ከአስር ሰላት በኋላ ቆቦ ተቀበሩ።

«እርሳቸው» የምለው የመግለጫ ወግ ስለሆነ ነው። በእድሜ ልጄ ናት። አንዳንዴ ካመለጠኝ ዋሲሁን እንዳያርመው።

መግለጫው ዘጠኝ ቀን ዘግይቷል። የዘገየበትንም አንደብቅም። በቀብሩ ላይ የቅሬው ዳኛ ስቋል። አስከሬኑ ሲወርድ፣ ወንድማቸው ፈሪድ ከጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ እህቱን ሲቀበል፣ እኔ ከራስጌው በኩል ቆሜ ሳቅሁ። ፈገግታ አልነበረም። ሆዴን ይዤ፣ ማዶ ማሽላ የሚጠብቁት ሰዎች ቀና ብለው እስኪያዩ ድረስ ነው የሳቅሁት። በቀብሩ የነበረ ሁሉ አይቷል። ያላየችው የሟች እናት ወይዘሮ ሳሊሀ ብቻ ናት፤ እሷ ከሴቶቹ ጋር ቤት ነበረችና ሳቁ የደረሳት በሰው አፍ ነው። ይህ ቃል ዛሬ አርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ በመስጊዱ በር፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይነበባል። ከሁሉ በፊት ግን ለእሷ ይነበብላት።

አስቀድሞ ሥራቸው ይጻፍ። ሥራቸውን ያላወቀ ሳቁ አይገባውም።

በ2006 ዓ.ም. ሲስተር ዚነት ተምረው ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመለሱ። በጤና ጣቢያው የተሰጣቸው ክፍል የተሰበረ ወንበር የሚከመርበት ነበር። ወንበሩን አስወጥተው በሩ ላይ «የአእምሮ ህክምና» የሚል ወረቀት ለጠፉ። ሰው በዚያ በር ሲገባ መታየት ፈራ። ከኋላ መጥቶ መስኮት ሲያንኳኳ በመስኮት አከሙት። ወረቀቱን ቅደጂው ያሏቸው ነበሩ። አልቀደዱትም። «ዛሬ በመስኮት ይምጡ፣ በበር የሚገቡበት ቀን ይመጣል» አሉ። በሦስተኛው ዓመት ሰው በበሩ ተሰልፎ ታየ።

በ2008 ዓ.ም. ለቅሬው አባላት ትምህርት ልስጥ ብለው ጠየቁ። የተቃወምኩት እኔ ነኝ፤ ይጻፍ። «ቅሬ ሬሳ ይቀብራል እንጂ እብድ አይጠብቅም» ብያለሁ። እሳቸው የአረፋ በዓል ማግስት የሙክት አንጎል በሳህን ይዘው መጡና በሽማግሌዎቹ መካከል አስቀመጡት። አንዱ ሽማግሌ ጨውና በርበሬው የታለ ቢል ሁላችን ሳቅን። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ከዚያ በጣታቸው እየነኩ አሳዩን፤ በዚህ ሰው ይፈራል፣ በዚህ ይቆጣል፣ በዚህ እጁን ያዝዛል፣ በዚህ የእናቱን ፊት ያውቃል። «እግሩ የተሰበረ ያነክሳል» አሉ። «ይህ የተሰበረበትስ ምን እንዲሆን ትጠብቃላችሁ?»  ትምህርቱ ይሰጥ ያልኩት እኔው ነኝ፤ ይህም ይጻፍ።

በ2009 ዓ.ም. የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ስር መያዝን አስቀሩ። ሲወድቅ በጎኑ አስተኙት፣ ከእሳትና ከድንጋይ አርቁት፣ እስኪነቃ አጠገቡ ሁኑ፤ አይተላለፍም፣ ንኩት አሉ። ለእኛ ለመስኖ ሰዎች በምናውቀው አስረዱን፤ «ፓምፑ ጤነኛ ነው፣ መብራቱ ከልክ በላይ ሲመጣ ግን ይንዘፈዘፋል። አንጎልም የሚሠራው በራሱ መብራት ነው።» በቅሬያችን ደንብ የሚጥለው ሰው ቃሬዛ አይሸከምም የሚል ነበር። እኔ ራሴ ያስጻፍኩት ነው። እንዳለው የሚባል ሽንኩርት የሚያለማ አባላችን በዚህ ደንብ ስምንት ዓመት ከሬሳ ኋላ ባዶ እጁን ሄዷል። ኪኒኑን ጀምሮ ዓመት ሙሉ ሳይወድቅ ሲቀር ሲስተር ዚነት እጁን ይዘው ስብሰባ መሀል አቆሙት። ደንቡ ተሰረዘ። በሳቸው ቀብር የቃሬዛውን የፊት ቀኝ የተሸከመው እንዳለው ነው።

መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት በጠፋበት በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በእጃቸው የቀረውን ኪኒን ለማን ቢቀር ሞት፣ ለማን ቢቀር መውደቅ እንደሆነ እየለዩ አደሉ። ከቆቦ ሮቢት በእግራቸው እየተመላለሱ ነው ያደሉት። ነጠላ ጫማቸው ሲበጠስ በሲባጎ አሰሩት። ያንን ጫማ ያየ ሰው ሁሉ ምስክር ነው።

በ2015 ዓ.ም. ተራው የእኔ ሆነ። ደም ግፊት አንጎሌን መታኝ። አፌ ተጣመመ፣ ቀኝ እጄ ዛለ። አፌ ተመለሰ፣ እጄ ግማሹ ተመለሰ። ሌላ ነገር ግን መጣብኝ። በሰርግ ላይ አለቅሳለሁ። በሬ የሞተበት ሰው አቤት ሲለኝ እስቃለሁ። ሆዴ ሳያዝን ዓይኔ ያነባል፤ ሆዴ እያረረ ጥርሴ ይስቃል። ሰው ጃጀ አለኝ። ሌላው ጂን ለክፎታል አለ። እኔም ከሰው መሀል ቀረሁ፤ ስድሳ ዓመት ግመል ነድቼ ከአፋር የወጣሁ ሰው ቤቴ ተደበቅሁ።

ቤቴ መጥታ ያወጣችኝ ዚነት ናት። ከፊቴ ተቀምጣ ነገረችኝ። «አባባ፣ ሳቅና ልቅሶ እንደ ግመል ናቸው። ገመዳቸውን የሚይዝ ቦታ አንጎል ውስጥ አለ። የተመታው እሱ ነው። ግመሉ አላበደም፤ ያዡ እጅ ነው የዛለው። እንደ ቀኝ እጅዎ።» ቀኝ እጄን አየሁት። ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ በለቅሶ ቤትም በስብሰባም ድንገት ስስቅ እሷ ከሴቶቹ መደዳ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «የነርቭ ነው፤ ሥራችሁን ቀጥሉ» ትል ነበር። ሰው ቀና ይላል፣ ይሰማል፣ ይቀጥላል። ከዚያ በላይ አትናገርም ነበር። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ በዚህ ቃል ዳኝቻለሁ፣ በዚህ ቃል ለቅሶ ተቀምጫለሁ።

አሁን ስለቀብሩ። የሳቅሁት ከሁሉ ይበልጥ ያዘንኩበት ስለነበር ነው። ሀዘኑ ሲበረታ ገመዱ ይበጠሳል፤ እንዲህ እንደሚሆን እሷ አስቀድማ ነግራኛለች። ስስቅ ሰዉ ዝም አለ። እኔም እየሳቅሁ ያንን ድምፅ ጠበቅሁ። ሴት መቃብር ስፍራ እንደማትመጣ አላጣሁትም፤ ያቺ ሴት ደግሞ እዚያው ከፈኑ ውስጥ ነበረች። ልማድ ሆኖብኝ ጠበቅሁ። «የነርቭ ነው» የሚል ጠፋ። መቶ ሃያ ወንድ ቆሞ አንድ ሰው አልተናገረም። ሁላችሁም ቃሉን ታውቁታላችሁ። እዚህ ላይ ዋሲሁን ብዕሩን አነሳ። አውርድ፤ አንተም አጠገቤ ነበርክ ብዬዋለሁ። እሱም ይጻፍ።

ፈሪድ ከጉድጓዱ ወጥቶ አፈሩን ሳያለብስ ሄደ። እስከ ዛሬ ሰላም አላለኝም። አልቀየመውም።

ባለፈው ረቡዕ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። ስማቸውን አልጠራም፤ ለበጎ ነው የመጡት። ነገሩ ቀላል ነው አሉኝ።

«ድንጋይ ትሸከማለህ፤ ሳሊሀ በር ላይ ትወድቃለህ። ሸይጧን አሳስቶኝ ነው ትላለህ። እሷም አውፍ ብላ ይቅር ትልሃለች። ነገሩ ያልቃል።»

«ድንጋዩን እሸከማለሁ» አልኩ። «ቃሉን ግን አልልም።»

«እንዴ ፈንታው፣ አንዲት ቃል ናት። ለሸይጧን ጠበቃ ሆነህ ልትቆምለት ነው?»

«ሠላሳ ዓመት ዳኝቻለሁ» አልኩ። «በሸይጧንም ላይ ቢሆን በሐሰት አልመሰክርም። ያላደረገውን አላሸክመውም።»

አንደኛው ሳቀ። ሁለተኛው ተቆጣ። ሦስተኛው «ግትር» ብሎኝ ወጣ። ግትር ነኝ። ግን ለግትርነት ብቻ አይደለም እምቢ ያልኩት። ምክንያቴን ለሽማግሌዎቹ አልነገርኳቸውም፤ የሚገባት እሷ ናትና ለሳሊሀ እነግራታለሁ። አደባባይ የማወጣውም ወሬው ቀድሞኝ ስለወጣ ነው።

እህቴ ሳሊሀ። ዚነት በታመመችባቸው ሁለት ቀናት ምን እንዳለችሽ ገበያው ሁሉ ያውቃል። የምታስታምምሽን እናቷን «አላውቅሽም፣ ከቤቴ ውጪ» ብላሻለች። ውሀ ስትሰጫት ፊትሽ ላይ ደፍታዋለች። ያባረረችው ጂን ሁሉ ተሰብስቦ አፏ ላይ ተቀመጠ፤ አስራ ሁለት ዓመት በነርቭ ስታሳብብ ኖራ መጨረሻዋን አሳያት የሚሉ አሉ። ቆቦ ውስጥም አሉ፤ ጎብዬ ገበያም ተሰምተዋል።

እንግዲህ አስቢው። እኔ በርሽ ላይ ወድቄ ሳቄ የሸይጧን ነበር ካልኩ፣ የልጅሽ የመጨረሻ ቃል የማን ሊባል ነው? እነሱ መልስ አላቸው። የቅሬው ዳኛ ራሱ መስክሯል ይላሉ። አንቺም ውለሽ አድረሽ ታምኛቸዋለሽ። ልጄ ሸይጧን ይዟት ሞተች ብለሽ ቀሪ እድሜሽን ትኖሪያለሽ። ያንን ላንቺ አላደርግም። እኔን ይቅር ባትይኝ ይሻለኛል።

እውነቱ ይሄ ነው። ወባ ደም ውስጥ ይገባል። ሲከፋ ወደ አንጎል ይወጣል። ያኔ ሰው የእናቱን ፊት የሚያውቅበት ቦታ ይነካል። ዚነት በሳህን ያሳየችን ያ ቦታ ነው። አንቺን አልካደችሽም። አንቺን የምታይበት መስኮት ነው የተዘጋባት። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። ከልጅሽ የተማርኩት ነው፤ ለሌሎች እናቶች ስትነግር አጠገቧ ቆሜ ሰምቻለሁ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። ከቀብሩ በፊት ፈሪድ የነገረኝ ነው፤ ከቀብሩ በኋላማ አላናገረኝም። አፏ አላውቅሽም ሲልሽ ግራ እጇ የነጠላሽን ጫፍ ይዞ ነበር። ልትነሺ ስትይ አልለቅ ብሎሽ ነጠላውን አውልቀሽ ትተሽላት እንደወጣሽ፣ እስከ ሮቢትም ያ ነጠላ በእጇ እንደነበር ነው የነገረኝ። አፍን የሚያዝዘው ቦታ ሌላ ነው፤ እጅን የሚያዝዘው ሌላ ነው። ትኩሳቱ አንደኛው ላይ ቀድሞ ደረሰ። ሌላኛው ላይ ገና አልደረሰም ነበር። የትኛው የልጅሽ ቃል እንደሆነ እናት ነሽ፤ እኔ አልነግርሽም።

እኔም በቀብሯ ላይ ጥርሴ ሲስቅ ሌላኛው ቦታ ምን ላይ እንደነበር አላህ ያውቃል።

ስለዚህ ቅሬያችን የሚከተለውን አስታውቋል።

ድንጋዩን እኔ ፈንታው ይመር እሸከማለሁ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከወይዘሮ ሳሊሀ በር እደርሳለሁ። የምሸከመው አሳዝኜአታለሁና ነው፤ ሀዘን ያለበትን ሰው ያሳዘነ ሳያስበውም ቢሆን ይቅርታ ይጠይቃል፤ ይህ የአገራችን ወግ ነው። ሸይጧን የሚለውን ቃል ግን ከእኔ የሚጠብቅ ሰው አይምጣ፤ ፀሐይ ይመታዋል።

በሳቁ ምክንያት ዳኝነቱን ይልቀቅ ያላችሁ አላችሁ። ሰምቻለሁ። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አረጀህ በሉኝና አውርዱኝ፣ እቀበላለሁ። አጥፍተሃል በሉና ጥፋቴን ጥሩ፣ እቀበላለሁ። በሳቁ ግን አልወርድም። በሳቁ ከወረድኩ ነገ እንዳለው ቃሬዛውን ይነጠቃል፤ ከነገ ወዲያ ያ በር ላይ ያለው ወረቀት ይቀደዳል፤ ሰዉም ወደ መስኮቱ ይመለሳል። አስራ ሁለት ዓመት የሠራችውን በአስራ ሁለት ቀን አናፈርስም። ሊያፈርስ የሚነሳ እኔን ያገኛል፤ በግማሽ እጅም ቢሆን።

ከዛሬ ጀምሮ በደንባችን እንዲህ ተብሎ ይግባ። በቅሬው ለቅሶ፣ ቀብርና ስብሰባ ላይ ሰው ቢወድቅ፣ ቢንዘፈዘፍ፣ ያለቦታው ቢስቅ ወይም ቢያለቅስ፣ ከአጠገቡ ያለው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲስተር ዚነት ይሉት የነበረውን ቃል ይላል። አዋቂ መሆን አያስፈልገውም። አጠገቡ መሆኑ ይበቃል። አይቶ ዝም ያለ፣ ቀብር እንደቀረ አባል ይቆጠራል።

ሲስተር ዚነት ከማሉዲን ትዳር ሳይመሠርቱ ነው ያረፉት፤ ልጅም አልነበራቸውም። መምህር ዋሲሁን ይህን ሲጽፍ «ያለ ተተኪ» የሚል ልጨምር ወይ አለኝ። አትጨምር አልኩት። በእጃቸው መድኃኒት የጀመሩ አራት መቶ ሠላሳ ሰዎች በመዝገባቸው አሉ። ከነዚህ ስልሳ ሁለቱ የቃሬዛውን እንጨት እየተቀባበሉ ተሸክመዋቸዋል። አንዳቸውም አልወደቁም። ቢወድቁም የሚያነሳቸው ነበር።

ቅሬያችን ለእናታቸው ለወይዘሮ ሳሊሀ፣ ለወንድማቸው ለፈሪድ፣ ለጤና ጣቢያው የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ እንዲሁም ኪኒናቸውን ዛሬ ከማን እንደሚቀበሉ ግራ ለገባቸው ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ለእነሱ የምንለው አንድ ነው፤ ኪኒኑን አታቋርጡ። ሀዘን ብላችሁ አንድ ቀን እንኳ እንዳታልፉ። ይህ የሷ ቃል ነው፤ እኔንም ታዝዘኝ ነበር። አላህ ይዘንላት፤ ጀነት ይወፍቃት።

የሆርማት ዳር ቅሬ
አርብ ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቆቦ

አሻራዬን በግራ አውራ ጣቴ አድርጌያለሁ፤ ቀኜ ስለሚንቀጠቀጥ ነው።

በል ዋሲሁን፣ ከመጀመሪያው አንብብልኝ። ቀስ ብለህ አንብብ፤ ያልኩትን ሁሉ መስማት እፈልጋለሁ። የነጠላው ጋ ስትደርስ ምናልባት እስቅ ይሆናል። ከሳቅሁ ወረቀቱን እንዳታጥፈው፣ አንገትህንም እንዳትደፋ። የምትለውን ታውቃለህ። በለውና ንባብህን ቀጥል።